የፈተና ጭንቀትና የማስታወስ ኃይላችን



ፈተና በደረሰ ቁጥር ከብዙ ወጣቶች አፍ የምንሰማው አንድ ንግግር አለ፤ እርሱም «አጥንቼው ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱን ሳየው ሁሉም ጠፋብኝ» የሚል ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ሌላውም የሰነፍ ማመካኛ ነው ይላል። ይሁን እንጂ ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ ማለት ይገባናል። ያው ተማሪ ወረቀቱን አስረክቦ ከወጣ በኋላ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ላይ፣ መልሱ ሳይጠራ ይመጣለታል። ትምህርቱ ከአእምሮው ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ባልመጣ ነበር። እንግዲህ በዚያች ሰዓት የሆነው ምንድን ነው?

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መልሱን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የጥናት ዘዴያችንን እንድናስተካክል ይረዳናል። ሁለተኛ፣ ፈተና ያልቀናውን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን «ደንቆሮ» ብለን ከመፍረድ ያድነናል።

፩. የፈተናው ሸክም

በአገራችን ፈተና የተማሪው ብቻ ሆኖ አያውቅም። አባቶቻችንና እናቶቻችን «ሚኒስትሪ» እና «ማትሪክ» የሚሉትን ቃላት ሲያነሡ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። በኑኑ ቁምባም ሆነ በሌሎቹ የምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች፣ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አለ። ስንቁን ከቤት ይዞ ይመጣል፤ ለኪራይና ለደብተር ቤተሰቡ ከቡናው ወይም ከእህሉ ሽጦ ይልክለታል። እንዲህ ያለ ልጅ ለፈተና ሲቀመጥ የሚያስበው ስለ ጥያቄው ብቻ አይደለም፤ እናቱን፣ አባቱንና ከእርሱ በታች ያሉትን ታናናሾቹን ጭምር ያስባል።

በቅርብ ዓመታት የሆነውንም እናስታውስ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ፤ ለመጨረስ የተዘጋጀው ሁሉ እንደገና መጀመር ነበረበት። ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን የጨረሱት ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናውን የወሰዱት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ነው። ይህ የተደረገው ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲሆን ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ከወረዳው ወጥቶ ለማያውቅ ወጣት፣ በማያውቀው ግቢ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል አድሮ መፈተን ራሱን የቻለ ሸክም መሆኑ አይካድም።

በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፣ ማለትም ከመቶ 8.4 የሚሆኑት አለፉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ያመጣው ጭንቀት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። መጽሐፍ ያልደረሰው አለ፤ መምህር ያልተሟላለት አለ። በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበትም ብዙ ነው። ያልተማረውን ማንም ሊያስታውስ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሌላው ነው፤ ተምሮና አጥንቶ ሳለ በፈተናው ሰዓት ስለሚቸገረው ወጣት።

፪. ማስታወስ ሦስት ሥራ ነው

ማስታወስ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል፤ ነገር ግን በውስጡ ሦስት ሥራዎች አሉ። እነርሱም መቀበል፣ ማኖርና ማውጣት ናቸው። ለምሳሌ የገበሬውን ጎተራ እናስብ። እህሉ ከዐውድማ ወደ ጎተራ ይገባል፤ በጎተራው ውስጥ ይቀመጣል፤ በሚያስፈልግበት ቀን ደግሞ ይወጣል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ በሩ ቢጠብቅ፣ ያ ቤተሰብ በዚያ ሌሊት ተርቦ ያድራል። የጎደለው ግን እህል አይደለም።

ስለ ማኖር በጥንቃቄ መርምረው ከጻፉት መካከል ሔርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና ራሱን በመፈተን ሁለት ነገሮችን አሳየ። መጀመሪያ፣ ያጠናነው ነገር አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ደጋግሞ ከማጥናት ይልቅ ድግግሞሹን በተለያዩ ቀናት ማከፋፈል የበለጠ ይጠቅማል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረታችን ለጥናትም ይሠራል ማለት ነው።

፫. ጭንቀት በአእምሮ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጭንቀት ራሱ ጠላት አይደለም። በምሽት በመንገድ ላይ ጅብ ያጋጠመውን ሰው እንመልከት። ልቡ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ እጁ ያልበዋል። ይህን የሚያደርገው ከኩላሊት በላይ ካሉት ትንንሽ ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ከነዚያው ዕጢዎች ኮርቲዞል የተባለው ሌላ ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል። ሁለቱም የተሰጡን ለመሮጥ ወይም ለመከላከል እንዲረዱን ነው። ችግሩ ግን ሰውነታችን ጅብንና የፈተና ወረቀትን አጥርቶ አለመለየቱ ነው።

በአንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። አዲስ ትምህርት ተቀብሎ ለማኖርና መልሶም ለማውጣት ዋና ሥራ ያለው ይህ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ብሩስ ማክዩንና የሥራ ባልደረቦቹ የዚህን የጭንቀት ሆርሞን የሚቀበሉ ቦታዎች በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንደሚገኙ አሳዩ። ስለዚህ የማስታወስ ክፍላችን የጭንቀትን መልእክት በቀጥታ ይሰማል ማለት ነው።

መልእክቱ ሲደርስስ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2000 ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዶሚኒክ ደ ኬርቫንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች አንድ ቀን አስቀድመው ቃላት እንዲያጠኑ ተደረገ። ከዚያም ሰውነት ወደ ኮርቲዞል የሚለውጠው መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱን ከመጠየቃቸው አንድ ሰዓት በፊት የወሰዱት ካጠኗቸው ቃላት ያስታወሱት ጥቂት ሆነ። መድኃኒቱን ከጥናቱ በፊት ወይም ወዲያው ከጥናቱ በኋላ በወሰዱት ላይ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2005 በጀርመን አገር በወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ መድኃኒት አልተሰጠም፤ በገምጋሚዎች ፊት ቆመው እንዲናገሩና ሒሳብ በቃል እንዲሠሩ ብቻ ተደረገ። እነርሱም ትናንት ያጠኗቸውን ቃላት፣ በተለይም ስሜት የሚነኩትን፣ ማውጣት አስቸገራቸው።

የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ነው። የፈተና ሰዓት ጭንቀት በዋናነት የሚያውከው ሦስተኛውን ሥራ፣ ማውጣትን ነው። እህሉ በጎተራው ውስጥ አለ፤ የጠበቀው በሩ ነው። ተማሪው ከግቢ ወጥቶ ልቡ ሲረጋጋ መልሱ የሚመጣለትም ስለዚህ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ተማሪው የፊዚክስ ሒሳብ እየሠራ «ብወድቅስ? ለአባቴ ምን እላለሁ?» ብሎ ሲያስብ፣ ለሒሳቡ የሚያስፈልገውን ቦታ ሐሳቡ ይይዝበታል። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አንብቦ ያልገባው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጭንቀትን ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል ወይ? አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ለከባድ ትምህርት በጣም የበዛም በጣም ያነሰም ማነቃቂያ እንደማይበጅ፣ መካከለኛው ግን እንደሚበጅ አሳይተዋል። ምንም የማያሳስበው ተማሪ መጽሐፍ አይከፍትም፤ ከመጠን በላይ የተጨነቀው ደግሞ የከፈተውን አያስተውልም።

፬. ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት

ፈተና ሲቃረብ ብዙዎቻችን እንቅልፍን እንደ ጠላት እንቆጥራለን። ቡና ደጋግሞ የሚጠጣ አለ፤ ይባስ ብሎም ጫት የሚቅም አለ። ነገር ግን እንቅልፍ በጥናት ላይ የሚወርድ ስንፍና አይደለም፤ የጥናት አንዱ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አጥንቶ የተኛ ሰው አጥንቶ ነቅቶ ከዋለው ይልቅ ብዙ እንደሚያስታውስ አሳዩ። በእንቅልፍ ጊዜ አንጎላችን በቀን የተቀበለውን እያደላደለ ያኖራል። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ተማሪ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ያጠናው በደንብ አልተቀመጠለትም፤ በማግስቱም ለማውጣት ኃይል የለውም።

፭. ምን እናድርግ?

ሀ) መጽሐፉን ዘግተን እንጠያየቅ።

አብዛኞቻችን የምናጠናው ደብተራችንን ደጋግመን በማንበብ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስናነበው ሁሉም የታወቀ ስለሚመስለን «ያዝኩት» እንላለን። ይህ አታላይ ስሜት ነው፤ ማየትና ማውጣት የተለያዩ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ያሳተሙት ጥናት ይህን ያስረዳል። ወዲያው ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን በመጻፍ ያጠኑት በለጡ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። 120 ሰዎች ቃላትና ሥዕሎች አጠኑ። ግማሾቹ እንደገና በማየት፣ ግማሾቹ ደግሞ በቃል በማውጣት ተለማመዱ። በማግስቱ ከሁለቱም ወገን አንዳንዶቹ በሰዎች ፊት እንዲናገሩና እንዲያሰሉ ተደርገው ተጨነቁ። እንደገና በማየት ያጠኑት ሲጨነቁ ማስታወሳቸው ቀነሰ፤ በማውጣት የተለማመዱት ግን ተጨንቀውም ሳሉ አልቀነሰባቸውም። ይህ ማለት እንዲህ ያጠና ሰው ፈጽሞ አይቸገርም ማለት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተከፈተ በር በጭንቀት ቀንም ቶሎ ይከፈታል።

ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ዳዊትን በዓይኑ አንብቦ ብቻ አይተወውም፤ በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ያሰማል። በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ጥቅስ የምናጠናው እንዲሁ ነው። በምሽት በእሳት ዙሪያ ልጆች የሚጫወቱት እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛ ሂቦ የምንለው፣ ጥያቄ ጠይቆ መልስን ከልብ ማስወጣት አይደለምን? ያላወቀውም «አገር ስጠኝ» ስለሚባል ጥቂት ጭንቀት አለበት፤ መልሱን ግን ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

ከወለጋ ታሪክም አንድ ምሳሌ እናንሣ። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ከወገኖቿ ተለይታ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የደረሰች፣ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ የደከመች፣ በኋላም ወደ ነቀምቴ የመጣች ሴት ናት። እርሷም የኦሮሞን ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከቃሏ አውጥታ ጻፈች፤ ከዚህም ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ያ ሁሉ መከራና ርቀት ሲነገር የኖረውን ቃል ከልቧ አላጠፋውም።

ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ደብተሩን ዝጉ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይመልስ። የተሳሳታችሁትን ወዲያው ከደብተሩ አርሙ። በነጋታው፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ድገሙት።

ለ) በምናውቀው ቋንቋ እንረዳው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ተማሪ ሳይገባው ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ይሸመድዳል። እንዲህ የተያዘ ነገር አንድ ቃል ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ክሩ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ይበተናል። የገባው ተማሪ ግን አንዱን መንገድ ቢያጣ በሌላው ይደርሳል። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ለጓደኛችሁ አስረዱ። ለታናሽ ወንድማችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ በእውነት ገብቷችኋል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ተለማመዱ።

ሐ) ፈተናን በፈተና እንለማመድ።

የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችን በሰዓት ለክታችሁ፣ ሳትነጋገሩ ሥሩ። ያልለመደ ነገር ያስፈራል፤ የተለመደ ነገር ግን ፍርሃቱ ይቀንሳል።

መ) በፈተናው ዕለት፦

ልባችሁ ሲመታ «አለቀልኝ» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ የልብ መምታት ለሥራ ሊረዳ እንደሚችል የተነገራቸው ተማሪዎች በሒሳብ ፈተና ካልተነገራቸው የተሻለ ሠርተዋል። ከመግባታችሁ በፊት የሚያስጨንቃችሁን ነገር 10 ደቂቃ ያህል በወረቀት ላይ መጻፍም፣ ሁሉንም እኩል ባይጠቅም፣ በጣም የሚጨነቁ ተማሪዎችን እንደ ረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይናገራል። ወረቀቱን ግን ወደ ፈተናው ክፍል ይዛችሁ አትግቡ።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ በተለይ ወደ ውጭ የምትተነፍሱት ረዘም ይበል። የምታውቁትን ጥያቄ አስቀድማችሁ ሥሩ። አንዱ ከጠፋባችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት፤ ከእርሱ ጋር ስትታገሉ በሩን የባሰ ታጠብቁታላችሁ። ሌላውን ስትሠሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል።

፮. ለወላጆችና ለጓደኞች

ወላጆች «ካላለፍክ ወደዚህ ቤት እንዳትመጣ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከፍቅርና ከድካም የተነሣ ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ከልጁ ጋር ወደ ፈተናው ክፍል ይገባል፤ ከሒሳቡም ጋር ቦታ ይሻማል። «የቻልከውን ሥራ፤ እኛ አለንልህ» የሚለው ቃል ግን ምንም ሳያስወጣ ያግዛል። ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት የሆናችሁ ይህን በአክብሮት ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ብታስረዱ መልካም ነው።

ውጤት ከወጣ በኋላም ሥራ አለን። ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው በማያልፍበት ፈተና የወደቀ ወጣት ብቻውን እንደ ወደቀ ሊቆጥር አይገባውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያውን ላላገኙ፣ ነገር ግን የተወሰነውን ነጥብ ላገኙ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሜዲያል የሚባለው ትምህርት ተከፍቷል፤ እንደገና መፈተንም፣ የሙያ ትምህርት ቤትም አለ። ከውጤት በኋላ ምግብ የተወ፣ ከሰው የሸሸ፣ «መኖር ምን ያደርግልኛል» የሚል ጓደኛ ካያችሁ ግን ብቻውን አትተዉት። አብራችሁት ተቀመጡ፤ ለምታምኑት ታላቅ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም አብራችሁት ሂዱ። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መቀበል፣ ማኖርና ማውጣት የተባሉትን በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ። የፈተና ሰዓት ጭንቀት በይበልጥ የሚያውከው የትኛውን ነው?

2. ባለፈው ሳምንት ያጠናችሁት በማንበብ ነው ወይስ መጽሐፉን ዘግቶ በማስታወስ? አንድ ገጽ መርጣችሁ ሁለቱን ዘዴዎች ሞክሩና በሚቀጥለው እሑድ ውጤቱን አምጡ።

3. በሰፈራችሁ ሦስት ሆናችሁ የምትጠያየቁበትን ቀንና ቦታ ዛሬ ወስኑ። ብቻውን የሚያጠና ጓደኛ ካለ ማን ይጠራዋል?